ኦቦ ነጋሳ ያልጠጡት ነጭ ሞካ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ማሽኑን እንዳልነካ ነበር። ያዘዙኝ ጋሼ ዘውዴ ናቸው፤ ፒያሳ አካባቢ በነበረችው ኬክ ቤት የቡና ማሽኑ ኃላፊ። «ማሽኑን አትንካ፤ እሱ ሲነካህ ግን ይታወቅሃል» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ስኒ ላነሳ ስንጠራራ የእንፋሎቱ ቱቦ ክንዴ ላይ አረፈ። ጠባሳው ዛሬም አለ። አሁን ሰበታ በግቢዬ ወጣቶችን ሳስተምር «ባሪስታ ነኝ» የሚል ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ክንዱን ነው፤ ክንዱ ንጹሕ ከሆነ የምስክር ወረቀቱን አላነብለትም።

የቤቱ ማዕረግ እንዲህ ነበር። ከታች ስኒ አጣቢ፣ ከእሱ በላይ ጭማቂ ቤት፣ ቀጥሎ ቡና ፈጪ፣ ከዚያ ባለማሽን። ከባለማሽኑ በላይ ባለቤቷ ወይዘሮ ሰናይት ነበሩ፤ ከወይዘሮ ሰናይት በላይ ደግሞ እግዚአብሔርና ግብር ሰብሳቢው፤ ሁለቱንም እኩል ይፈሩ ነበር። አስተናጋጆች ከዚህ ሰልፍ ውጪ ናቸው። ጉርሻ ስለሚያገኙ ማንንም አይሰሙም።

ሌላው ደንብ የወንበር ነው። ወንበር የደንበኛ ነው። ጋሼ ዘውዴ «ባለማሽን የሚቀመጠው ሲታመም፣ የሚተኛው ሲሞት ነው» ይሉ ነበር፤ ምሳቸውንም ቆመው ነው የሚበሉት። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እግሬ እያበጠ ጫማ እምቢ ይለኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት።

ስኒ አጥቤ አጥቤ ቡና ፈጪ ሆንኩ፤ ፈጭቼ ፈጭቼ ወተት ተሰጠኝ። ወተት በጆሮ ነው የሚፈላው። እንፋሎቱን ስትከፍትበት መጀመሪያ ያፏጫል፤ ቀጥሎ ያጉረመርማል። ማጉረምረም ሲጀምር ጆጉን በመዳፍህ ደግፈህ ትጠብቃለህ፤ መዳፍህ «በቃኝ» ሲልህ ታወርደዋለህ። ካሳለፍከው ይጮሃል። የጮኸ ወተት አረፋው የሳሙና ነው። ጋሼ ዘውዴ ሲጮህ ከሰሙ የትም ይሁኑ የት «ማነው እዚያ በሬ የሚያርደው?» ይላሉ።

ደንበኛ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ሰውዬ ነበሩን፤ «ማኪያቶ፣ ነጣ ያለ፤ ግን ብዙ እንዳይነጣ፤ ጠቆር ቢል፤ ግን እንዳይጠቁር» ይላሉ። አንድ ቀን ግራ ገብቶኝ ጋሼ ዘውዴን ጠየቅኋቸው። «የፈለግከውን ስጠው፤ ሰውዬው የሚወደው ማዘዙን ነው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ሰውዬው ቀምሰው «አየህ፣ እንዲህ ነው የምፈልገው» አሉኝ።

ስለ ጋሼ ዘውዴ ሌላም ነገር ማወቅ አለባችሁ። እሳቸው እንኳን ሊጾሙ፣ በሁዳዴ በኪሳቸው ቋንጣ ይዘው የሚመጡ ሰው ነበሩ። አንድ ሁዳዴ ላይ ለጾም ማኪያቶ የምንጠቀምበት የአኩሪ አተር ወተት አለቀብን። ቤቱ በነጠላ ለባሽ ሞልቷል። ወይዘሮ ሰናይት ከመደርደሪያው ኋላ ጎንበስ ብለው «የላሙን አድርግበት፤ አረፋ ከለበሰ በኋላ ማን ያውቃል?» አሏቸው።

ጋሼ ዘውዴ ማሽኑን አጠፉት። እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። «ወይዘሮ ሰናይት፣ እኔ አልጾምም። ያዘዘችው ሴትዮ ግን ትጾማለች። ስኒው ውስጥ ያለውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማን ያውቃል አይባልም» አሉ። ወይዘሮ ሰናይት ሊያባርሯቸው ፎከሩ፤ ነገር ግን ማሽኑን የሚያስነሳላቸው ሌላ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ለደንበኛው «የጾም ወተት አልቋል» ተብሎ ተነገረ። ያን ቀን ስንሸጥ የዋልነው ሻይ ነው።

ነጭ ቸኮሌት ወደ ሕይወታችን የገባው በወይዘሮ ሰናይት ሻንጣ ነው። ዱባይ ደርሰው ሲመለሱ ግማሽ ሻንጣ ጥፍጥፍ ነጭ ቸኮሌት ይዘው መጡ። «እዚያ ሰው ሁሉ ነጭ ሞካ ነው የሚጠጣው፤ ከሰኞ ጀምሮ እኛም አለን» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉት። አሠራሩን ግን ከዱባይ አላመጡትም። ጋሼ ዘውዴ አንዱን ቁራጭ ቀምሰው «ነጭ ከሆነ ለምን ቸኮሌት ይባላል?» ካሉ በኋላ ነገሩን በሙሉ ለእኔ ተዉልኝ።

መጀመሪያ ቸኮሌቱን ፍቄ ወተቱ ውስጥ ጨመርኩና እንፋሎት ከፈትኩበት። ቱቦው ተደፈነ። ጋሼ ዘውዴ በመርፌ ሲጠርጉ ዋሉ። ቀጥሎ በፈላ ውሃ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ ለብቻው አቀለጥኩት፤ ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ አንዲት የላብ ጠብታ የምታህል ውሃ ገባችበትና በአንድ አፍታ ተቋጥሮ አሸዋ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ተናድጄ ትኩስ ቡናውን ቸኮሌቱ ላይ በአንዴ ደፋሁበት። ቀለጠ፤ እንደ ሐር ሆነ። ጠብታ ውሃ ያበላሸዋል፤ ሙሉ ስኒ ቡና ግን ያቀልጠዋል። ምክንያቱን አንድ ተማሪ ደንበኛ በሰፊው አስረድቶኝ ነበር። አልገባኝም፤ ግን ይሠራል።

መጀመሪያ ያቀመስኩት ካሸራችንን ጫልቱን ነው። ጫልቱ የሱሉልታ ልጅ ናት፤ አባቷ ኦቦ ነጋሳ ላሞች አሏቸው፤ እሷ አዲስ አበባ አክስቷ ጋር ሆና ነበር የምትሠራው። ስሜን ጠርታ አታውቅም። ትእዛዝ ስታስተላልፍ «ማሽን! ሁለት ማኪያቶ!» ነው የምትለው። ነጭ ሞካውን ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ጥርስ ያስነቅላል። ጨው ጣል አድርግበት» አለችኝ። የተናደድኩ መስዬ ቁንጥር ጨው ጨመርኩ። ልክ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ማንኛውንም ነገር እሷን ሳላቀምስ አላወጣም ነበር፤ ቡናውን ብቻ ሳይሆን ሰበቡንም ወድጄዋለሁ።

ዓመት ሳይሞላን ልንጋባ ተስማማን። ጫልቱ አንድ ነገር ብቻ አስረግጣ ነገረችኝ። «አባቴ እሺ ካለ ያንተ ነኝ። እምቢ ካለ ግን ጠፍቼ የምመጣ እንዳይመስልህ። ደግሞ አንድ የሆለታ ሰው አለ፤ አበባ እርሻ ላይ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሞተር ሳይክል አለው፤ አባቴ ወዶታል።» የሞተር ሳይክሉን ነገር ለምን እንደጨመረችው አሁንም አልገባኝም።

ሽማግሌ ላክሁ። ያኔ ቡራዩ ተከራይቼ ነበር የምኖረው፤ አከራዬ ኦሮምኛ ስለሚያውቁ አንደኛው ሽማግሌ ሆኑ። ሌላው ጋሼ ዘውዴ ናቸው። ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ ቆሞ ነው፤ «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ኦቦ ነጋሳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሁለቱን አቁመው «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

አከራዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ በኃላፊነት…» ብለው ሲጀምሩ ጋሼ ዘውዴ አቋረጧቸው። «ቡና ያፈላል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ወንዱ?» አሉ ኦቦ ነጋሳ።

«ወንዱ።»

«እና ልጄ ምን ልትሠራ ነው?»

«ሒሳብ ትቀበላለች።»

ኦቦ ነጋሳ ረጅም ጊዜ ላሞቻቸውን ተመለከቱ። ከዚያ «የሚያፈላውን ነገር ቤቴ መጥቶ ያፍላው። ወንድ ልጅ ዕድሜውን የሰጠው ነገር ምን እንደሆነ ልየው። የምሰጠው መልስ ያኔ ነው» አሉ። ሽማግሌዎቼ እንደቆሙ ተመለሱ። ጋሼ ዘውዴ በማግስቱ ነገሩን ሲነግሩኝ «እኔስ መቆም ለምጃለሁ፤ አከራይህ ግን ወገባቸውን አሟቸዋል፤ ኪራይ ሳይጨምሩ አይቀሩም» አሉኝ።

ኦቦ ነጋሳ ቤት የቡና ማሽን የለም። ሰኔ ስለሆነ መብራቱም በዝናብ ቁጥር ይሄዳል። ስለዚህ ማኪያቶውን ትቼ ነጭ ሞካን በከሰል ለመሥራት ወሰንኩ፤ በዚያ ሰፈር ማንም የማያውቀውን ይዤ ልቅረብ ብዬ ነው። ማሽን የለመደ ሰው ቤት ውስጥ ቡና ማፍላት እንዴት እንደሚከብደው የገባኝ ያን ሰሞን ነው። ኪራይ ቤቴ ውስጥ ስለማመድ ሰነበትኩ፤ የተበላሸውን ጎረቤቶቼ ጠጡልኝ። አንድ የጥርስ ሕመምተኛ ካፈራሁ በኋላ ተሳካልኝ።

ቤታችሁ መሥራት ለምትፈልጉ አሠራሩ ይሄውላችሁ። ቡናውን ውሃው ከታች ሆኖ ወደ ላይኛው ፎቅ በሚወጣባት የጣሊያን ማፍያ አፍሉት፤ እሷ ከሌለች ወፈር ያለ የጀበና ቡና ይሆናል፤ ግን አተላው ይጥለል። ነጩን ቸኮሌት በቢላ አድቅቁና ደረቅ ስኒ ሥር አስቀምጡ፤ ደረቅ ነው ያልኩት። ቁንጥር ጨው። ትኩሱን ቡና በአንዴ ድፉበት፤ ትንሽ ታገሱ፤ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር አማስሉ። ስኳር ብሎ ነገር የለም። ወተቱን ጣት የማያስችል እስኪሆን አሙቁት፤ እንዳይፈላ። ክዳኑ የሚጠብቅ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ ጨምሩት፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳኑን በአውራ ጣት ተጭናችሁ ናጡትና አረፋውን ቡናው ላይ አልብሱት። አውራ ጣቱን አትርሱ። እኔ ረስቼ ወተቱ የአከራዬን ኮርኒስ መታ፤ ክቡ ምልክት ቤቱን እስከለቀቅሁበት ቀን ድረስ እዚያው ነበር።

ቀኑን የመረጥኩት እሑድ ነው። በሥራዬ ምክንያት ረቡዕና ዓርብን ጠንቅቄ ስለማውቅ፣ እሑድ ከሆነ ወተት ይፈቀዳል ብዬ በልቤ ዘጋሁት። የረሳሁት የሰኔን ጾም ነው። የሐዋርያት ጾም ከተማ ውስጥ «የቄስ ጾም» ተብሎ ለቄሶቹ ተትቷል፤ በእኛ ኬክ ቤት በሰኔ ወተት እንደ ጥር ነው የሚሄደው።

እኔ፣ ጋሼ ዘውዴና አከራዬ ጭቃውን እየረገጥን ከኦቦ ነጋሳ በር ስንደርስ ጫልቱ ወጥታ ቆማለች። ከዋዜማው ነበር ወደ ቤተሰቧ የሄደችው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጭቃቸውን ድንጋይ ላይ ሲጠርጉ እኔን ወደ ጎን ሳበችኝ።

«አለቀልን። አባቴ ጾም ይዟል» አለችኝ።

«እሑድ አይደለም እንዴ?»

«የሰኔን! ዘንድሮ ጀመረ። ስልክ እንዳልደውልልህ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም፤ ስልኬ ሞቷል።»

«ምነው ዘንድሮ?»

«በእኔ ምክንያት ነዋ! ለልጄ ደህና ሰው ስጣት ብሎ ተሳለ።»

ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። «ስማ፤ ለምሳ የተሠራ ሱፍ አለ። ተወቅጦ ተጠልሎ፤ እንደ ወተት ነጭ ነው። በወተት ፋንታ እሱን ናጥ» አለችኝ።

«ቸኮሌቱስ? ውስጡ ወተት አለበት እኮ።»

ጫልቱ ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። «እሱን ደግሞ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

ቃሉን የት እንደሰማሁት ወዲያው ትዝ አለኝ። ግን ፊቷን አየሁ፤ የሆለታውን ሞተር ሳይክልም አሰብኩ፤ ዝም ብዬ ገባሁ።

ኦቦ ነጋሳ ሳሎኑ መሐል ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እጃቸው የወተት ባልዲ የሚያነሳ እጅ ነው። መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን የኦሮምኛ ሰላምታ፣ «አካም ቡልታን?» አልኩ። «ናጋ» አሉ፤ ወንበር ግን አላሳዩንም። ሦስታችንም ቆምን። እናትየዋ አዴ ጌጤ የከሰል ምድጃውን ራሳቸው ተሸክመው ሳሎን አመጡልኝ። «ጓዳዬ ወንድ አይገባም። እዚሁ ሥራ» አሉኝ። ሱፉንም በማሰሮ አቀረቡልኝ።

ጋሼ ዘውዴ ሱፉን አዩት። ቀጥሎ ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ነጭ ቸኮሌት አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። እጃቸውን አጣጠፉ። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ማሽኑን ያጠፉ ዕለት የቆሙት እንደዚያው ነበር።

ሥራዬን ጀመርኩ። ማፍያዋን ከሰሉ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። ቸኮሌቱን ስከትፍ ኦቦ ነጋሳ አንገታቸውን አስግገው «ይሄ ምንድን ነው፣ አይብ?» አሉ። «ቸኮሌት ነው» አለች ጫልቱ ፈጥና። ሱፉን እንዳይቋጠር ብዬ ለብ አድርጌ አወረድኩትና ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ መናጥ ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ኦቦ ነጋሳ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ጌጤ፣ ሱፍ ይናጣል እንዴ? ምን ዓይነት ቅቤ ሊያወጣ ነው?» አሉ። አዴ ጌጤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አከራዬ ከኋላዬ «አውራ ጣትህን!» ብለው አንሾካሾኩ።

ቡናው ወጣ። ቸኮሌቱ ላይ ደፋሁት፤ ቀለጠ። የሱፉን አረፋ ከላይ አለበስኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አምሮ ነበር። በሁለት እጄ ይዤ ለኦቦ ነጋሳ አቀረብኩ። ተቀበሉኝ፤ አሸተቱት፤ ፊታቸው ትንሽ ፈካ። ጫልቱ ከጓዳው በር ላይ ሆና ዓይኗን ጨፍናለች፤ ትጸልይ ይሁን ትፍራ አላውቅም።

ስኒው ከንፈራቸው አጠገብ ሲደርስ አፌ ሳላዘው ተከፈተ። «ኦቦ ነጋሳ፣ አይጠጡት» አልኩ።

ስኒው አየር ላይ ቆመ።

«ቸኮሌቱ ወተት አለበት። ዱቄት ወተት ነው፤ አብሮ የተሠራ። ላዩ ሱፍ ነው፤ ሥሩ ግን የፍስክ ነው» አልኩ።

ኦቦ ነጋሳ ስኒውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። አበቃልህ አልኩ ለራሴ። የሆለታው ሰውዬ በሞተሩ መጥቶ ልጅቷን ከኋላ ሲያስቀምጣት ታየኝ፤ እሷም ወገቡን ስትይዘው።

«ይሄን ማን ያውቃል?» አሉ ኦቦ ነጋሳ።

«እኔ። ጋሼ ዘውዴም።»

ጫልቱን ሆን ብዬ ዘለልኳት። ኦቦ ነጋሳ ግን እኔ ያሰብኩትን ያህል የዋህ አልነበሩም። ልጃቸው እዚያው እኛ ኬክ ቤት ነው የምትሠራው። ቀስ ብለው ወደ ጓዳው በር ዞሩ።

«አንቺስ?»

ጫልቱ ዓይኗን ገለጠች። «አባዬ… ትንሽ እኮ ናት» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት አዴ ጌጤ ናቸው። ነጠላቸው ሊሸፍነው አልቻለም። ኦቦ ነጋሳ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ። «እኔ ለእሷ ባል ብዬ እጾማለሁ፤ እሷ ለባሏ ብላ ጾሜን ታስፈታኛለች!» አሉ። ከዚያ እኔን ተመለከቱኝ፤ ከጫማዬ ጭቃ እስከ ክንዴ ጠባሳ።

«ያ የሆለታው ልጅ» አሉ፤ «አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ላሜ ከሲታ ናት ስለው ከሲታ ናት ይላል፤ ወፍራም ናት ስለው ወፍራም ናት ይላል። ላሟን አላያትም።»

በእግራቸው አንድ በርጩማ ወደ እኔ ገፉ።

«ታኢ» አሉኝ። ተቀመጥ ማለታቸው ነው።

ከሰው ፊት እየሠራሁ ተቀምጬ አላውቅም። ጋሼ ዘውዴን አየኋቸው። እሳቸው አጣጥፈውት የነበረውን እጅ ፈተው ለራሳቸው ወንበር እየሳቡ ነበር። ተቀመጥኩ።

ስኒው እንዳይባክን ጋሼ ዘውዴ አነሱት። እሳቸው እንዲህ ላለ አደጋ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ጨልጠው ጠጡትና አፋቸውን ጠርገው «ሱፉ ነው ያበላሸው» አሉ። ለኦቦ ነጋሳ ማፍያዋ ውስጥ የቀረውን ጥቁር ቡና ያለ ምንም ነገር ቀዳሁላቸው። ጠጡ። «ይሄ ቡና ነው» አሉ።

ጫልቱ በር ድረስ ስትሸኘን ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ጠባሳው ላይ። «ልታገባኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትሰብክ?» አለችኝ። ግን እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ ደግሞ እርጥብ ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላየኝም።

ጾሙ ሲፈታ፣ ሐምሌ አምስት፣ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ የናጥኩት የራሳቸውን ላም ወተት ነው፤ ወፍራም፣ አረፋው ማንኪያ የሚያቆም። ኦቦ ነጋሳ ቀመሱ። ጣሪያውን ተመለከቱ። «ኩን ቡና ሚቲ» አሉ፤ ቡና አይደለም ማለት ነው። ደግመው ቀመሱ። «ወተትም አይደለም» አሉ። ስኒውን እስከ ሥሩ ከጨረሱ በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ይሄን ሰው ከፍሎ ነው የሚጠጣው?»

«ተሰልፎ» አለች ጫልቱ።

«አዲስ አበባ በሽታ ገብቷታል» አሉ። ከዚያ ስኒውን ለአዴ ጌጤ አቀበሉና «ለእሷም ሥራላት» አሉኝ። አዴ ጌጤ ጓዳቸው እንድገባ የፈቀዱልኝ ያን ቀን ነው።

ተጋባን። ማሽኑ ላይ ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ ቀኝ ትከሻዬ እምቢ ሲለኝ ወረድኩ። ጋሼ ዘውዴ የሉም፤ እንዳሉትም ከማሽኑ ወርደው የተቀመጡት ሲታመሙ ነው። ሰበታ ስንገባ ጫልቱ የግቢያችንን መጋዘን አስጠርጋ መማሪያ አደረገችልኝ፤ ዛሬም «ማሽን!» ብላ ነው የምትጠራኝ። ኦቦ ነጋሳ ሐምሌ አምስት በደረሰ ቁጥር ከሱሉልታ ወተት ይዘው ይመጣሉ። «ያንን የማይረባ ነገር ሥራልኝ» ይሉኛል፤ ተቀምጠው ሁለት ይጠጣሉ።

የሚማሩት ወጣቶች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ አረፋ ነው። አረፋ ላይ ልብ መሳል ይፈልጋሉ፤ ቅጠልም፣ ዳክዬም። አስተምራቸዋለሁ። አረፋ ግን ሥራው መሸፈን ነው። ከሥሩ ያለውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው፤ ሳይጠየቅ ይናገር።